የአድላቢው ሚስት

አንኮበር፣ ጎረቤላ
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርተማርያም፤

በዚያ በበረዶ አገር የምትውዪበትንም የምታድሪበትንም ደጅ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድልሽ። ስለ ጤናዬ ብትጠይቂ ሥጋዬ ደህና ነው። ነፍሴን ግን ከዚህ በታች ታነቢያታለሽ።

ልጄ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ጋሼ ብለሽ መጥራቱ ቢቀፍሽ አልቀየምሽም። አክስትሽን አመተ ማርያምን ኪኒን ገደላት ብዬ ለለቀስተኛው ሁሉ የተናገርኩት ውሸት ነው። ኪኒኑን ያስጣልኳት እኔ ነኝ። በኪኒኑ ፈንታ ቅቤ ያጠጣኋትም፣ ጮማ ያጎረስኳትም እኔው ነኝ። አምስት ዓመት ይህን በሆዴ ይዤ ቆርቤአለሁ። ለንስሐ አባቴም ግማሹን ነግሬ ግማሹን ዋጥኩት።

አሁን ምን አስለፈለፈህ ትይኝ ይሆናል። ልጃችን ሔራን ሴት ልጅ መገላገሏን በስልክ ሰምተሻል። ያልሰማሽው፣ ደብረ ብርሃን ስትወልድ ስኳርም ግፊትም እንደተገኘባትና ኪኒን ታዞላት እንደመጣች ነው። ባሏ ሠረቀብርሃን ሹፌር ስለሆነ ከመንገድ አይጠፋም፤ ስለዚህ የምትታረሰው እኔ ቤት ነው፤ እህቴ ማኅደረማርያም ታርሳታለች። ባለፈው ሰሞን ፉርሽካ ልዘግን ስገባ ኪኒኑን ከዱቄቱ ዕቃ ጀርባ ተወሽቆ አገኘሁት። አንዱም አልተነካም።

«ለምን አትውጪውም ልጄ?» አልኳት።

«እማዬን የገደላት ምን ሆነና?»

«ማን አለሽ?»

«አንተ ነሃ።»

ልጇን እያጠባች ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የራሴን ውሸት ከገዛ ልጄ አፍ ስሰማው እንደ ከረመ አተላ ሸተተኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አንቺ ያን ጊዜ ሄደሻል። አክስትሽ የስኳሩንና የግፊቱን ኪኒን ስትጀምር ሆዷን ይረብሻት፣ ምግብ ይቀፋት ነበርና ሰውነቷ ቀነሰ። የእኔን ሥራ ታውቂያለሽ፤ ከመዘዞ ከሲታ በግ ገዝቼ ገብስና ፉርሽካ አብልቼ፣ ላቱ ሲንዘረጠጥ ሙክት ብዬ መሸጥ ነው። ገበያ ላይ «የወልደተንሣኤ በግ ሰባ፣ ሚስቱ ከሳች» እያሉ ይሳሳቁ ጀመር። አንዷማ «የሴትዮዋን ቀለብ ለበጎቹ እየሰጠ ነው» ብላ ለደንበኛዬ ነገረችብኝ። አሳፈረኝ። ሚስቴ መታመሟ ሳይሆን መክሳቷ አሳፈረኝ።

መዘዞ በግ ልገዛ የሄድኩ ጊዜ ሞራ የሚያነብ ሽማግሌ አለ አሉኝ። እኔ፣ ዳዊት የምደግመው ሰው፣ የራሴን ሙክት ነድቼ ወሰድኩለት። አረደው። ሞራውን ከአንጀቱ ላይ ገፈፈና ትኩሱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ነጭ መረብ በይው። ሥር ሥሩን በጣቱ እየተከተለ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ቤትህ መቃብር አይታየኝም፤ ሴትዮዋን ባዕድ ነገር እያደረቃት ነው፤ ስቧን መልስላት» አለኝ። ተንበርክኬ ነበር የሰማሁት። ስመለስ በብርዱ የረጋ ሞራ ጣቶቼ መሀል ነበር።

ቤት ገብቼ «ደብረ ብርሃን ሄጄ ሐኪሙን አነጋገርኩት፤ ተይው ብሏል» አልኳት። አመነችኝ። ኪኒኑን ሽንት ቤት ጨመርኩት። ከዚያ ጠዋት የቀለጠ ቅቤ በኩባያ፣ ማታ ጮማ። ጉንጯ ሞላ፣ ሆዷ ከፊቷ ቀደመ። ሰዉም «አማረባት፣ እጅህ ይባረክ» አለኝ። ወገቧን ባየሁ ቁጥር እንደ ነጋዴ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መስመር ስጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ።

ዓመት አልሞላትም። ከቅዳሴ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች፤ አልተነሳችም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። የምትሠሪበት ቤት የሰው ስብ የሚመረመርበት ነው ብለሽኝ ነበር። ለሔራን አስረጂልኝ። ኪኒን እንደማይገድል፣ ያልታከመ ስኳርና ግፊት እንደሚገድል በተማረ አፍ ንገሪልኝ። የእኔን ነገር ሳታነሺ። ለዚህ ደብዳቤ ደግሞ በስልክ እንዳትመልሺ፤ መልእክቴን ከፍታ የምታነብልኝ እሷ ናት።

ወልደተንሣኤ


ጎተንበርግ
ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደተንሣኤ፤

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰነበተ። መልሱን እየጀመርኩ ቀደድኩት። በወጋችን ከሰላምታ መጀመር ነበረብኝ፤ ሰላምታው አልወጣ አለኝ። ይቅር ይበሉኝ። ባይሉኝም ግድ የለም።

እቴቴ ለእኔ እናት ነበረች። እናቴ ስትሞት ወደ ጎረቤላ አምጥታ አሥራ ሁለተኛ እስክጨርስ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለ እሷ መጻፍ ስላልቻልኩ ስለ ሥራዬ እጽፋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ከቀዶ ሕክምና ክፍል በበረዶ ሣጥን የሰው ስብ ይመጣልናል። ፈቅደው የሰጡ ሕመምተኞች ናቸው፤ ስማቸውን አናውቅም። የሰው ስብ እንደ በግ ነጭ አይደለም ጋሼ። ቢጫ ነው፣ እንደ ለጋ ቅቤ። የጀመርኩ ሰሞን ሽታው ጓንቱን አልፎ እጄ ላይ የቀረ እየመሰለኝ ምሳዬን መብላት ያቅተኝ ነበር። ቅቤ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ሣጥኑን ስከፍት የማየው እሷን ነው።

ድሮ የተማረውም ሰው ስብን የሚያየው እንደ ጎተራ ነበር። የተረፈው ይከማችበታል፣ ሲርብ ይወጣል፣ ሌላ ሥራ የለውም ይባል ነበር። አይደለም። ስብ እንደ እጢ ነው። ከራሱ አመንጭቶ በደም የሚልካቸው መልእክተኞች አሉት፤ ሆርሞን እንላቸዋለን። አንዱ ሌፕቲን ይባላል። አንጎል ዘንድ ሄዶ «ጠግበናል፣ በቃ» ብሎ ይናገራል። ስቡ ሲበዛ እሱም ይበዛል፤ አንጎል ግን መስማቱን ይተዋል። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ጩኸቱ እንደማይሰማው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰውነት ሞልቶ ሳለ የጎደለበት ይመስለዋል።

ሌላው አዲፖኔክቲን ነው። ይሄኛው ደግ ነው፤ የደም ሥርን ግድግዳ ይጠብቃል፣ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋ እንዲገባ ያግዛል። ከስብ የሚወጣ ሆኖ ሳለ ስብ ሲበዛ ማነሱ ነው የሚገርመው። በተለይ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተጠቀለለው፣ እናንተ ከበግ ስታወጡት ሞራ የምትሉት፣ እሱ ሲበዛ ጉበትንም ደም ሥርንም የሚያስቆጣ ነገር ይረጫል። ደም ሥር ይደነድናል፣ ግፊት ይወጣል፣ ልብ ከአቅሟ በላይ ትገፋለች። አንድ ቀን ዳገት ላይ

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር፤ የቀጠልኩት በማግስቱ ነው።

እቴቴ ኪኒኑን ስትወስድ ስለቀነሰች እየደረቀች ነበር ማለት አይደለም። እየተሻላት ሊሆን ይችል ነበር። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ኪኒኑን ብትወስድም ልትሞት ትችል ነበር። ይህን የምልዎ ላጽናናዎ ብዬ አይደለም።

ለሔራን ደውዬ፣ የእርስዎን ነገር ሳላነሳ፣ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ኪኒኖቹም ለምታጠባ እናት የሚሆኑ ተብለው የተመረጡ ናቸው አልኳት። ሰምታ ሰምታ «ፍቅርተ፣ አንቺ ያን ጊዜ እዚህ አልነበርሽም። አባዬ ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ የእኔ አፍ አይሠራም። እርስዎ ይንገሯት።

ፍቅርተማርያም


አንኮበር፣ ጎረቤላ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርተማርያም፤

የጥምቀቱ በረከት ባለሽበት ይድረስሽ። ቁጣሽንም ተቀብያለሁ፤ ከቁጣሽ ይልቅ ሰላምታ መንሳትሽ ነው የከነከነኝ።

የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም። «ይህችም ሞራ አንባቢ ሆናለች» አልኩ። የመዘዞው ሽማግሌ ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘረጋ፣ አንቺ በመሣሪያ ትዘረጊያለሽ። እሱ ስብ ይናገራል አለኝ፣ አንቺም ስብ ይናገራል አልሽኝ። ታዲያ የቱን ልመን? ይህን ጠይቄሽ ሳበቃ ግን ወፍጮ ቤቱ ከሆዴ አልወጣ አለ። አመተ ማርያም በመጨረሻው ሰሞን በልታ ሳትነሳ «ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ አልጠገብኩም» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ እጨምርላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስብ የሚባል ነገር ማየት አቃተኝ። በግ ስገዛ ላቱን መዳበስ ሥራዬ ነው፤ አሁን በጣቴ ጫፍ ነካ አድርጌ እጄን እሰበስባለሁ። ገበያ ላይ ጮማ የሚቆርጠውን ሰው፣ ብርዱ ከንፈሩ ላይ ያረጋበትን ነጭ ነገር ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ጃፈር፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ፣ ሙክት የሚወስድልኝ፣ በቀደም መጥቶ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣

«አንተ ወልዴ፣ በግ ነው ጊንጥ የምትዳብሰው?» አለኝ።

«ቅባቱ አስጠልቶኝ ነው።»

«በዚህ ዕድሜህ? እንግዲህ መነኩሴ ሁንና በጎቹን ለእኔ ተናዘዛቸው።» እየሳቀ ከደረት ኪሱ ኪኒን አውጥቶ በውኃ ዋጠ። ምንድን ነው አልኩት። «ስኳር። ዱዓዬንም አደርጋለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ። አላህ አንዱን ያዝና ሌላውን ተው አላለኝም።»

«አትፈራውም?»

«ፈርቼው ነበር እንጂ። የአመተ ማርያምን ነገር ሰምቼ ዓመት ሙሉ ጣልኩት። የአንተው ለቅሶ ላይ አይደል እንዴ የተቀመጥኩት?» አለና ጫማውን አውልቆ አሳየኝ። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት የለም። «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ያየኸውን ነው የነገርከን» ብሎ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ።

ፍቅርተ፣ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ በጎቹን አስረከብኩት፤ እያነከሰ ነድቷቸው ሄደ።

የሕፃኗ ክርስትና በገና ሰሞን ሆነ። ሰዉ ተሰብስቦ እህቴ ማኅደረ ለሔራን ገንፎ አቀረበች፤ መሀሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቷል። ሔራን አንድ ጊዜ አጠቀሰች። ሁለተኛ ስታጠቅስ ተነስቼ ሳህኑን ከፊቷ ነጠቅኩትና ውጭ አመዱ ላይ ደፋሁት። ተመልሼም «ይህን ሆድሽን አታዪውም? ከበጎቼ በምን ተለየሽ?» አልኳት። በሰው ሁሉ ፊት። ሔራን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወደ ጓዳ ገባች።

ማኅደረ ጭልፋውን እንደያዘች መጣችብኝ። «የአራስ ገንፎ ቀምቶ የሚደፋ ወንድ በዕድሜዬ አላየሁም። ለበግ ስታጎርስ ትከርምና የገዛ ልጅህ ላይ ጾም ታውጃለህ? እናቷ ብትኖር እንዲህ ትደፍራት ነበር?»

አንዷ ጎረቤት «ተዪው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው፤ ሐዘን ነው» አለች። ሐዘን ነው ስትለኝ ጊዜ ደስ አለኝ። ይህንንም ጻፍኩልሽ።

ሔራን ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር ገበታ አትቀርብም። ራሷን ያማታል፤ ዓይኔን ጭጋግ ይጋርደኛል ትላለች። ኪኒኑ ከዱቄቱ ጀርባ እንዳለ ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ልለምንሽ። ከምትሠሪበት ቤት በነጭ ሐኪም የተፈረመ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪልኝ። «የአመተ ማርያም ሞት በኪኒን አይደለም» የሚል። ማኅተም ካየች ታምናለች። ባለፈው ስልክ ስትደውዪ ስለ ዝናቡ ብቻ ያወራሁሽ እሷ አጠገቤ ስለነበረች ነው፤ ሌላ አይምሰልሽ።

ወልደተንሣኤ


ጎተንበርግ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወልደተንሣኤ፤

ጾሙን በሰላም ያስጀምርዎ።

ማኅተም አልልክም። እቴቴን አይቶ የማያውቅ ሐኪም ስለ አሟሟቷ እንዲፈርም ብጠይቀው እኔም እንደ እርስዎ መዋሸቴ ነው።

የቱን ልመን ላሉት። ሽማግሌው ከበግ ሞራ የሰው ዕጣ አነባለሁ አለ። እኛ ከሰው ስብ የምናነበው የዚያኑ የሰውየውን ሥጋ ነው፤ እሱንም በብዙ ሰው ላይ ደጋግመን ሞክረን። እንሳሳታለንም። የተሳሳትን ዕለት ተሳስተናል ብለን ለሁሉም እንናገራለን። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ትልቅ ልዩነት ይመስለኛል።

ሔራን ላይ ያደረጉትን አንብቤ አልቅሻለሁ። ውፍረት ኃጢአት አይደለም ጋሼ። ስቧ የሚያደርገውን እሷ አላዘዘችውም፤ በዘርም ይመጣል፣ በእርግዝናም ይመጣል፣ እቴቴም ሔራንም አንድ ደም ናቸው። ቀጭን ሆኖም የሚታመም አለ። እኔ ጓንት ለብሼ የምነካቸው ሰዎች ሁሉ ሰዎች ናቸው። ስቡ አስጠልቶኝ ያውቃል፤ ሰዎቹን ግን ተጸይፌ አላውቅም። ያን ቀን የደፉት ገንፎ አንዲት አራስ በዓመቷ ከምትበላው ሁሉ አንድ ሳህን ነበር። የሚያስፈልጋት ኪኒኗ ነው፣ የሚያያት ሐኪም ነው፣ በወጉ የሚበላ ምግብ ነው። ራሷን ካመማትና ዓይኗ ከጋረደባት ነገሩ የሚጠብቅ አይደለም።

በቅቤው ተቆጡ። በበጎቹ ተቆጡ። በልጅዎ ሆድ ተቆጡ። ጃፈር እግሩን ሲያሳይዎ ዝም አሉ። ሁሉን ተጸየፉ፤ ሊናገሩት ከሚገባው አንድ ነገር በቀር ያልሞከሩት የለም።

ሆሣዕና ሳይደርስ ካልነገሯት እኔ ደውዬ እነግራታለሁ። ከእኔ ብትሰማው ግን ለእርስዎም ለእሷም የከፋ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አሁንም ጋሼ እልዎታለሁ። ለምን እንደሆነ ራሴንም አላውቀውም።

ፍቅርተማርያም


አንኮበር፣ ጎረቤላ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርተማርያም፤

እንደዚህ ለሚጽፍልሽ ሰው «ጋሼ» ማለትሽን እግዚአብሔር በመልካም ይቁጠርልሽ።

ሔራን ደብረ ብርሃን ሄዳለች። ሠረቀብርሃን ተሳፋሪውን ጫጫ ላይ ለሌላ ሹፌር አስረክቦ መጥቶ ወሰዳት። ሐኪም ቤት ጥቂት ቀን አስተኝተዋት ነበር፤ ግፊቷ ገና ቢሆንም እየተመለሰ ነው፣ ኪኒኑንም በሰዓቱ ትውጣለች፣ ዓይኗም ጠርቶላታል አለኝ። ይህን የነገረኝ እሱ ነው። «አባባ፣ ልስጥዎት?» ብሎ ስልኩን ሲያቀብላት ሰማሁ፤ አልተቀበለችውም። የሕፃኗ ድምፅ ግን ይሰማኝ ነበር፤ ስልኩን ሳልዘጋ ቆየሁ።

እህቴ ማኅደረ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ እንደ ሩቅ ሰው ነው። ለንስሐ አባቴ የቀረውን ግማሽ ነግሬአለሁ። ለጃፈር ለመንገር አልዩ አምባ ወርጄ ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ አንድም አልቀለደም። «ሒድ ወልዴ፣ ዛሬ ሒድ፣ ሌላ ቀን እንነጋገራለን» አለኝ። በጎቹን ሸጬ ጨርሻለሁ፤ ሌላ አልገዛም።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍልሽ፤ ከአንቺ ሌላ የምጽፍለት የለኝም።

ደብዳቤሽ ደርሶኝም ስንት ቀን እንዳመነታሁ አልነግርሽም፤ ያሳፍራል። ዛሬ ነው ስል በጎቹን ውኃ ላጠጣ እያልኩ እወጣለሁ። ነገ ነው ስል ጾም ነው፣ እርጉም ወሬ በጾም አይወራም እላለሁ። እንዲህ ስል ነው የከረምኩ። አንድ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ሔራን ሕፃኗን ታቅፋ ከመደቡ ልትቀመጥ ነበር። የመደቡን ጠርዝ አላየችውም። ሳተችው። ሕፃኗ ከእጇ አምልጣ ወደ ምድጃው ስትንሸራተት ማኅደረ በቀሚሷ ጠርዝ ቀለበቻት። ሔራን መሬት ላይ ቁጭ እንዳለች እጇን ወደ ፊት ዘርግታ «የት አለች? የት አለች?» ትላለች፤ ልጇ አጠገቧ እያለቀሰች።

ጫማዬን ሳላወልቅ «ሔራን፣ እናትሽን የገደላት ኪኒን አይደለም» አልኳት።

«አሁን ደግሞ ፍቅርተ ናት ያስጠናችህ?»

«ፍቅርተ አይደለችም። ሐኪሙን አላነጋገርኩትም። ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን አልሄድኩም፤ መዘዞ ነው የሄድኩት።»

ማኅደረ ሕፃኗን እያባበለች «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ወድቃ ስለ መዘዞ ታወራለህ?» አለች።

«ሞራ ላስነብብ ነው የሄድኩት» አልኳት።

ማኅደረ ማባበሏን ተወች።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰይጣን አሳሳተኝ የሚል ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት። መክሳቷ አሳፍሮኝ ነበር አልኩ። ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ብሎኝ ነበር አልኩ። ኪኒኑን ሽንት ቤት የጨመርኩት በእነዚህ እጆቼ ነው፣ ከሞተች በኋላም ስሜን ለማዳን ኪኒኑ ላይ አላከክሁ፣ አንቺም የምትፈሪው የእናትሽን መድኃኒት ሳይሆን የእኔን ውሸት ነው አልኳት። ያን ቀን ገንፎሽን የደፋሁት አንቺን ተጸይፌ ሳይሆን ይህን መናገር ስላቃተኝ ነው አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ለምን እንዳልተንቀጠቀጠ ይገርመኛል።

ሔራን መሬቱ ላይ እንዳለች አዳመጠችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም። ተነስታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄደች፤ ኪኒኑን ከዱቄቱ ዕቃ ጀርባ አወጣች። ውኃ ላቀብላት ስል እጇን መለሰችው፤ ማኅደረ ሰጠቻት። ዋጠች። ከዚያ ወደ ድምፄ ዞረች፤ በደንብ የምታየኝም አልመሰለኝም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ሐኪሙ ተይው ብሏል ስትላት፣ እማዬ ምን አለች?»

ይህን ለንስሐ አባቴም፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ለአንቺም አልተናገርኩትም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አላስታውስም ልላት እችል ነበር፤ ታምነኝም ነበር።

«እጄን ሳመችኝ» አልኳት። «ለእኔ ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ ተንከራተትክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችኝ።»

ወልደተንሣኤ